11 ሜትር ወንዝ፦ ግጥም፣ ኅትመትና የጃፓን ጥቅል መጽሐፍ



ዛሬ የምናገረው በዋናነት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ገጽ የለውም፤ አልተጠረዘም። ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ11 ሜትር በላይ የሆነ የወረቀት ጥቅል ነው። የተሠራው በ1767 በጃፓን፣ በኪዮቶ ከተማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ዘመኑን ለመገመት እንዲመቻችሁ ግን፣ በእኛ አገር አፄ ኢዮአስ በጎንደር ነግሠው የነበሩበት ወቅት ነው። መጽሐፉ «ጆክዮሹ» ይባላል። ሥዕሉ የኢቶ ጃኩቹ ነው፤ ግጥሙ የዜን መነኩሴው የዳይተን። በዚያ ዓመት ጸደይ ሁለቱ ወዳጆች ከኪዮቶ በስተደቡብ ካለው ከፉሺሚ ወደብ ተሳፍረው፣ የዮዶን ወንዝ ተከትለው ወደ ኦሳካ ወረዱ። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚያ ዘመን የመንገደኛ ጀልባ ቁልቁል ሲወርድ ግማሽ ቀን ይበቃው ነበር፤ ሽቅብ ሲመለስ ግን ከዳር ሆነው በገመድ የሚጎትቱት ሰዎች ስለሚያስፈልጉ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። ጃኩቹና ዳይተን ያንን ቁልቁለት ወረቀት ላይ አኖሩት።

ይህን መጽሐፍ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ በብዙ አገር ግጥምንና ኅትመትን አጣምረው፣ በእጃቸው ወረቀት እየቆረጡ፣ እያተሙና እየለጠፉ ጥቂት ቅጂ ብቻ የሚያወጡ ሠዓሊያን አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የጃፓንን ጥቅል ይወዱታል። ፍቅሩ ይገባኛል። ሆኖም መልኩን ወስደው ሥራውን ሲተዉት አያለሁ፤ ሥዕልና ግጥም በረጅም ወረቀት ላይ ይደረድሩና ጫፉ ላይ በትር ይገጥሙለታል። ጥቅል እንዲህ ሲሆን የተራዘመ ሰሌዳ ነው። እኔ የምለው፣ ጥቅል መጽሐፍ ከሁሉ በፊት የጊዜ አያያዝ ነው። አንባቢው አንዱን ግጥም ስንት ትንፋሽ እንደሚያየው፣ ከግጥም እስከ ግጥም ምን ያህል ዝም ብሎ እንደሚጓዝ፣ የቱ ጋ እንደሚጨልምበት አስቀድሞ የሚወስነው ሠሪው ነው። ጆክዮሹ ይህንን ካየኋቸው ሥራዎች ሁሉ አብልጦ ያሳያል።

ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልበል። ጃኩቹ ከሥዕል ቤት አልተወለደም። በ1716 ኪዮቶ ውስጥ፣ ኒሺኪ በሚባለው ገበያ፣ ከአትክልት ጅምላ ነጋዴ ቤት ተወለደ። አባቱ ሲሞት ንግዱን ወረሰ። ወደ 40 ዓመቱ ሲደርስ ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ አስረክቦ ቀሪ ዕድሜውን ለሥዕል ሰጠ። ግቢው ውስጥ ዶሮ እያረባ፣ አኳኋናቸውን ቀን ከቀን እያጠና ይሥል እንደነበር ይነገርለታል። ከጉዞው በፊት ባሉት ዓመታት የደከመበት ሥራ ሐር ላይ የተሣሉ ታላላቅ ሥዕሎች ነበሩ፤ ወፍ፣ ዓሣ፣ አበባ፣ ነፍሳት፣ ሁሉም በቀለም የሚንቦገቦጉ። በ1765 ከእነዚህ 24ቱን ኪዮቶ ለሚገኘው ለሾኮኩጂ ገዳም ሰጠ፤ በኋላ 30 ሞሉ። ዳይተን የዚያ ገዳም ሰው፣ የቻይናን ሥነ ጽሑፍ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ፣ የጃኩቹም ወዳጅና መካሪ ነበር። ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ቀለም የፈሰሰለት ሠዓሊ፣ ቀለሙ ገና ከእጁ ሳይደርቅ፣ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ወዳለበት ወንዝ ወረደ።

አሁን ወደ አነባበቡ እንምጣ። የጃፓን አግድም ጥቅል የሚነበበው ተቀምጦ ነው፤ ወለል ላይ ወይም ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ፊት። አንባቢው ማሰሪያውን ይፈታል። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ በግራ እጁ ይዘረጋል፣ ያየውን በቀኝ እጁ ይጠቀልላል። በአንድ ጊዜ የሚታየው በሁለቱ እጆቹ መካከል ያለው ብቻ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል። ጆክዮሹን በዚህ ልክ ብናካፍለው ወደ 20 የሚጠጋ እይታ ይኖረዋል። ነገር ግን እይታና እይታን የሚለይ መስመር የለም። ከቀኝ የወንዙ ዳርቻ እየተጠቀለለ ይጠፋል፤ ከግራ አዲስ ዛፍ፣ አዲስ ጣሪያ ይመጣል። ወደፊት ያለው አይታይም፤ ያለፈው ከእጅ ወጥቷል። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። የጉዞው ነገር በሥዕሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአንባቢው ክንድ ውስጥ ገብቷል፤ ወንዙን የሚያስኬደው እሱ ራሱ ነው።

ጃፓኖች ይህን ጥበብ ከጃኩቹ በፊት ብዙ መቶ ዓመት ሲያበስሉት ኖረዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የ«ገንጂ» ታሪክ ጥቅል፣ ዛሬ ቁርጥራጮቹ በናጎያና በቶኪዮ ሙዚየሞች ያሉት፣ ጽሑፍንና ሥዕልን እያፈራረቀ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ቃሉ ይነበባል፣ ከዚያ ጣሪያ የሌለው ቤት ከላይ ሆኖ ይታያል። የኮዛንጂ ገዳም ጥቅሎች ደግሞ ጥንቸልና እንቁራሪት ሲታገሉና ሲሳሳቁ ያለ አንድ ቃል፣ ያለ ሌላ ቀለም፣ በጥቁር መስመር ብቻ ይተርካሉ። ሁለቱም ግን የብሩሽ ሥራዎች ናቸው። ጆክዮሹ ታትሟል፤ ያም ብቻ ሳይሆን እንደ ሌላው የእንጨት ኅትመት አልታተመም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። የተለመደው የጃፓን የእንጨት ኅትመት እንዲህ ይሠራል፦ ሰሌዳው ላይ መስመሩ ጎላ ብሎ ይቀራል፣ ዙሪያው ይፋቃል። ጎላ ያለው ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይደረብበታል፣ ጀርባው በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነ መፈተጊያ ይታሻል። መስመሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ተገልብጦም ስለሚወጣ ሰሌዳው ላይ ጽሑፉን ከኋላ ወደ ፊት መቅረጽ ግድ ነው። ጃኩቹ ይህንን ሁሉ ትቶ ከድንጋይ ጽሑፍ ግልባጭ ተነሣ። ቻይናውያን የታላላቅ ጸሐፊያንን እጅ ድንጋይ ላይ ይቀርጹና፣ እርጥብ ወረቀት አልብሰው፣ ወረቀቱን ወደ ተቦረቦረው ፊደል በቀስታ እየመቱ ካስገቡ በኋላ ላዩን በቀለም በተነከረ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። ልጆች ሆነን ሳንቲም ወረቀት ሥር አድርገን በእርሳስ ስንፈትግ ምስሉ ይወጣልን እንደነበረው ማለት ነው። ከፍ ያለው ይጠቁራል፤ የተቦረቦረው ነጭ ይቀራል። ቀለሙ ከፊት ስለሚመታ ምንም ነገር አይገለበጥም።

ጃኩቹ ድንጋዩን በእንጨት ተካው። ዛፉን፣ ጣሪያውን፣ የዳይተንን ግጥም ወደ ውስጥ አስቦረቦረ። ሰማዩ ድፍን ጥቁር ሆነ። ከዚያ የቀለሙን መጠን በመጨመርና በመቀነስ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ግራጫ ሁሉ አወጣ፤ ውሃው በዚህ ግራጫ እየደመቀና እየደበዘዘ ይሄዳል። ቀድሞ የጽሑፍ ማስተማሪያ የነበረ ዘዴ መልክዓ ምድር ሠራ ማለት ነው።

ይህ ለግጥሙ ምን አደረገለት? በብሩሽ ሥራ ግጥም ወረቀት ላይ የሚጨመር ነገር ነው፤ ነጩ ላይ ጥቁር ይጫናል። እዚህ ግን ግጥሙ የወረቀቱ የራሱ ነጭ ነው። ጨለማው ተመታ፣ ፊደሉ ሳይነካ ቀረ። ከታች ያለው ቤትና ዛፍም እንዲሁ ሳይነካ የቀረ ወረቀት ነው። ቃሉና ምስሉ ከአንድ ነገር ተሠርተዋል። ብዙ ጊዜ ግጥምና ሥዕል አንድ ወረቀት ላይ ሲውሉ አንዱ የሌላው ማብራሪያ ይሆናል፤ ሥዕሉ ግጥሙን ይተረጉማል ወይም ግጥሙ ለሥዕሉ መግለጫ ይሆናል። በጆክዮሹ ይህ አልሆነም፤ የሁለቱ አሠራር አንድ ነውና። የመነኩሴው የእጅ ጽሑፍ ሳይገለበጥ መውጣቱም ቀላል ነገር አይደለም። ለቻይና ትምህርት ሰው፣ የድንጋይ ጽሑፍ ግልባጭ ሲያጠና ለኖረ ሰው፣ ይህ የገዛ ቤቱ ነው።

ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፤ በቻይንኛ የተጻፉ፣ በወንዙ ዳር ባለው ቦታ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ። በመካከላቸው ሰፊ ዝምታ አለ። አንዳንዴ ክንድ ሙሉ ወረቀት ያልፋል፤ ጥቁር ሰማይና ግራጫ ውሃ፣ ሌላ ምንም። ዛሬ ጥቅል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ባዶ ቦታ ይፈሩታል ብዬ አምናለሁ። ወረቀቱ ውድ ነው፣ ሰሌዳ መቅረጽ አድካሚ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ስንዝር እንዲናገር ይፈልጋሉ። በጥቅል ውስጥ ግን ባዶ ቦታ የግጥሙ ዕረፍት ነው። የቅኔ ማኅሌት ሰዎች በዜማ ውስጥ ማረፊያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ይህንን ለእናንተ ማብራራት አያሻኝም። ጉዞው ኦሳካ ላይ፣ ከተንማ ድልድይ ሲደርስ ያበቃል። ድልድዩ ሲታይ አንባቢው የመጨረሻውን በትር በእጁ ይዟል።

ጥቅል ጊዜውን ሲያጣ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የ36 ታላላቅ ገጣሚያንን ምስልና ግጥም የያዙ ሁለት ጥቅሎች ተሠርተው ነበር። በሳታኬ መሳፍንት ቤት ስለኖሩ ሳታኬ-ቦን ይባላሉ። በ1919 ለሽያጭ ሲቀርቡ ዋጋቸው ለአንድ ገዥ የሚቻል አልሆነም። የሚትሱዪ ኩባንያ ታላቅ ሰው የነበረው ማሱዳ ታካሺ ባለሀብቶችን ቶኪዮ ቤቱ ጠራ፤ ጥቅሎቹ 37 ቦታ ተቆራርጠው በዕጣ ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ጨርቅ ተለብሶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ሆነ፤ ያማረ ነው፣ አልክድም። በ2019፣ በመቶኛ ዓመቱ፣ የኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም ከ37ቱ 31ዱን አንድ ጣሪያ ሥር ሊያሰባስብ ችሏል። ይህን ሳነብ ደስታና ኀዘን አብረው መጡብኝ። 31 ቁራጮች ተገናኙ። ነገር ግን አንዱ ገጣሚ ሲጠቀለል ሌላው የሚመጣበት ያ ሂደት፣ የጉባኤው ሥርዓት፣ አንድ ጊዜ በመቀስ ከተለየ ወዲያ በመስታወት ሣጥን አይመለስም።

ኅትመትና ጥቅል መጀመሪያ የተገናኙት ጃፓን ውስጥ ለንባብ አልነበረም። ንግሥት ሾቶኩ በ764 ከተነሣባት ዐመፅ በኋላ አንድ ሚሊዮን ትንንሽ የእንጨት ፓጎዳዎች እንዲሠሩ አዘዘች፤ በየሆዳቸው የታተመ የቡድሃ ጸሎት ጥቅል ገባባቸው። ሥራው በ770 አለቀ፤ ለ10 ገዳማትም ተከፋፈለ። በዓለም ላይ ቀርተው ከሚገኙ እጅግ ጥንታዊ ኅትመቶች አንዱ ይኸው ነው። ማንም ፈትቶ እንዲያነበው አልታሰበም፤ ጽሑፉ በመኖሩ ብቻ ይሠራል ተብሎ ነው።

እናንተ ይህንን ስትሰሙ ክታብ እንዳሰባችሁ እገምታለሁ፤ እኔም አስቤአለሁ። የእኛ ደብተራ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ቆርጦ፣ እየሰፋ አስረዝሞ፣ ጸሎቱን በግእዝ ጽፎ፣ ዓይን የበዛበትን ጠልሰም በመካከሉ ሥሎ፣ ጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋዋል። ቃልና ምስል በአንድ ጥቅል፣ ለመታቀፍ የተሠራ። ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ ይልቅ ያስተምረኛል። ክታብ የአንድ ሰው ነው፤ ስሙ በጸሎቱ ውስጥ ገብቷል፣ ቁመቱ የብራናው ቁመት ሆኗል። ስለዚህ ክታብ አይታተምም፤ ቢታተም ክታብነቱን ያጣል። የሾቶኩ ጥቅል በተቃራኒው ኃይሉ ከብዛቱ ነው። ሠዓሊዎቹ እስክንድር ቦጎሲያንና ዘሪሁን የትምጌታ ጠልሰሙን ወደ ዘመናዊ ሥዕል ሲያመጡት መልኩን ብቻ አላመጡም፤ ዘሪሁን በቀርከሃ ቁራጭ ላይ ቁልቁል የሠራቸውን ሥራዎች ያየ ሰው የክታቡን ቁመት ያውቀዋል። ሆኖም ግጥም የሚጓዝበት፣ ታትሞ የሚወጣ፣ በእጅ የሚዘረጋ የእኛ ጥቅል ገና ሲሠራ ማየት እመኛለሁ።

ወደ ጃፓን ስመለስ፣ ሌላ መንገድም እንደነበረ ልጥቀስ። በ1788 ሠዓሊው ኡታማሮ የነፍሳት ሥዕሎችን ከቀልደኛ ግጥሞች ጋር አጣመረ፤ አሳታሚው ጹታያ ጁዛቡሮም ሥራውን በታጣፊ መጽሐፍ አወጣው። ይህ በእኛ የብራና ባሕል ሰንሰል የምንለው አሠራር ነው። ሰንሰል የጥቅልን ርዝመት ይይዛል፣ የገጽን ወሰን ግን አይለቅም፤ አንድ መታጠፊያ አንድ ቦታ ነው። ነፍሳት ለሚሣልበት መጽሐፍ ይህ ይስማማል፤ አንዷን ፌንጣ አይቶ፣ ግጥሟን አንብቦ፣ ወደሚቀጥለው ማጠፍ። ለወንዝ አይሆንም።

ከሁሉ ግን ከጆክዮሹ ጎን ባስቀምጠው ብዙ የሚያሳየኝ በ1913 ፓሪስ ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው። ብሌዝ ሳንድራር የሚባል ወጣት ገጣሚ ከሞስኮ ተነሥቶ ሳይቤሪያን በባቡር ስለማቋረጥ ረጅም ግጥም ጻፈ፤ ዘመኑ ሩሲያና ጃፓን የሚዋጉበት ነው። ሠዓሊዋ ሶንያ ዴሎኔ ከግጥሙ ጎን ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የቀለም ጅረት ሠራች፤ ቀለሙ በተቀደደ ቅርጽ እየተመታ በእጅ የታተመ ነው። ግጥሙ በተለያዩ የፊደል ዓይነቶችና ቀለሞች ታተመ። መጽሐፉ ሲታጠፍ ኪስ ይገባል፤ ሲዘረጋ 2 ሜትር ይሆናል። 150 ቅጂ ሊያወጡ አቅደው ነበር፤ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ የኤፌል ማማን ቁመት እንዲያክሉ። የወጣው ግን 60 ገደማ ነው።

ሁለቱም የጉዞ ግጥሞች ናቸው፤ አንዱ በጀልባ፣ አንዱ በባቡር። ነገር ግን ዴሎኔና ሳንድራር ሥራቸውን «ቅጽበታዊ መጽሐፍ» አድርገው ነው ያቀረቡት፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እይታ እንዲታይ። አንባቢው ቆሞ መነሻውንና መድረሻውን አብሮ ያያል፤ ፓሪስ ታች ላይ ሆና ገና ከመጀመሪያው ትጠብቀዋለች። የባቡር ዘመን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሞስኮም ፓሪስም በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ይጮኻሉ። ዳይተንና ጃኩቹ ኦሳካን የሚያሳዩት ኦሳካ ሲደረስ ብቻ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ አይረባም። ሁለቱም ጊዜያቸውን መርጠዋል፤ የመረጡትም ግጥሙ ሲጠይቃቸው ነው።

ለእጅ ሥራ ሰዎች ስለ ቁሱ ጥቂት ልጨምር፤ ጊዜን የሚወስነው እሱም ነውና። የጃፓን ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኮዞ ከሚባለው የሾላ ዘመድ ዛፍ ልጥ ነው። ልጡ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ ጭረቱ ሳይቆረጥ ረጅም ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው እርጥብ ሆኖ ወደ ተቦረቦረ እንጨት ሲገባ የማይቀደደው፤ ሲጠቀለልም የማይሰበረው። የጃፓን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ የተሠራ ነው፤ የእኛ ብራና ጸሐፊዎችም ጥላሸት ያውቃሉ። ይህ ቀለም ወደ ጭረቱ ይሰርጋል። ወፍራም የዘይት ቀለም ግን ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ ጥቅሉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል። ከጀርባ የሚለጠፈው ወረቀት በስንዴ ስታርች ሙጫ ይያያዛል። ለሚሰቀል ሥዕል የመጨረሻ ልባድ የሚሆነውን ሙጫ ደግሞ የጃፓን ባለሙያዎች በክረምት ብርድ አብስለው በእንስራ ውስጥ ለ10 ዓመት ያህል ያቆዩታል፤ ሲያረጅ ይደክማል፣ የደከመ ሙጫ ደግሞ ወረቀቱን አያደርቀውም። ጠንካራ ሙጫ ጥቅልን ይገድላል። ጥቅል የሚሠራ ተማሪ ካለ፣ ሰሌዳ ከመቅረጹ በፊት ባዶ ወረቀቱን ለጥፎ፣ አድርቆ፣ ደጋግሞ ይጠቅልለው፤ የሚጮኽ ወረቀት ከሆነ ይተወው።

የቀረኝ አንድ ነገር፣ ዐውደ ርእይ ነው። ሙዚየሞች ከጥቅል ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ሙሉውን በመስታወት ሥር ቢዘረጉት ተመልካቹ እየተራመደ ያየዋል፤ ጊዜው ከክንድ ወደ እግር ይዛወራል፣ ኦሳካም ከሩቅ ትታያለች። ከፊሉን ብቻ ቢዘረጉት ተመልካቹ አንዲት ቁራጭ ወንዝ አይቶ ይሄዳል። ለብሩሽ ሥራ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም፤ አንድ ብቻ ነውና በእጅ እንዲነካ መፍቀድ አይቻልም። የታተመ ጥቅል ግን የመብዛት ዕድል አለው። ሰሌዳው እስካለ ድረስ ሌላ ቅጂ ይወጣል። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የኅትመትና የግጥም ሰዎች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብትሠሩ ይህን እለምናችኋለሁ፦ ስታትሙ ከሽያጩና ከመስታወቱ ውጭ አንድ ቅጂ ጨምሩ። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አምጡ፣ ከፊቱ በርጩማ አስቀምጡ፣ የመጣው ሁሉ ገመዱን በራሱ እጅ እንዲፈታ ፍቀዱለት። ያ ቅጂ ይቆሽሻል፣ ጠርዙ ይላላል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መተካት ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ሌላ አትሙለት።